ባዶ ነው የተባለው አረንጓዴ

ቦንጋ ውስጥ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ኅትመት ቤት እሠራለሁ። ባነር፣ የሠርግ ጥሪ፣ የኀዘን ማስታወቂያና ካርታ እናትማለን። የቢሮ ሰዎች ካርታቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ በትልቁ ማሽን አወጣላቸዋለሁ። ቀለሙ የተዛባውን፣ ጠርዙ የተቆረጠውን ወረቀት «ጣይው» ይሉኛል። አልጥልም። ስድስት ዓመት ሙሉ ግድግዳዬ ላይ እየለጠፍኩ ሳፈጥበት ነው ስኬል የሚሉት ምን እንደሆነ፣ የተጠጋጉት መስመሮች ገደል፣ የተራራቁት ሜዳ እንደሆኑ የገባኝ። ከአሥረኛ ክፍል የቀረሁ ነኝ። ያስተማረኝ የለም፤ ስለዚህ የማመሰግነውም የለም።

ባለፈው ኅዳር አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያባረራቸው ሽማግሌ በራፋችን ላይ ተጠለሉ። ኮታቸው ትከሻው ላይ ረጥቧል። በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ግቡ እንጂ ጋሼ። ደጃፉ ከዝናቡ አያድንም።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ታይፕ የምትጽፈዋ ዘግታ ነው እንጂ እናንተንስ ባላስቸገርኩ።»

«ታይፕ እኛም እንጽፋለን። ያምጡት።»

ስማቸው ጋሽ ሰብሃት ነው። ከዋጫ በታች ከምትገኘው ከሸካና መንደር ነው የመጡት፤ የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቱ ማመልከቻ ነበር። ጋሪና በሚባለው ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራላቸው ይለምናል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ። «እኛ የሸካና ነዋሪዎች ከአገር የተረሳን ሕዝብ ነን» ይላል።

ደሜ ፈላ። ምክንያቱም የዚያን ድልድይ ካርታ ሰኞ ዕለት ያተምኩት እኔ ነኝ። ድልድይ የሚሠራው ድርጅት ለአንድ ድልድይ ብቻ ነው የመጣው። ሁለት ቦታ በዕጩነት ይዟል፤ አንደኛው ላይኛው መንደር ጋ፣ ሁለተኛው ሸካና ጋ። በእግር ግማሽ ሰዓት ውስጥ ብዙ ቤት ያለበት ቦታ ያሸንፋል። አቤቱታና ማስተካከያ የሚቀበሉት እስከ ዓርብ ነው።

የተበላሸውን አንዱን ቅጂ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት።

«ሸካናን ያሳዩኝ።»

ሳቁ። «እኔ ወረቀት ላይ መንገድ አይታየኝም። እግሬ ነው የሚያውቀው።»

«እግርዎን ቢሮ ፋይል ውስጥ ማስገባት አይቻልም። ይኸው፣ ይቺ ዋጫ ናት። ይሄ አስፋልቱ። ይሄ ሰማያዊው ጋሪና ነው። ታዲያ ሸካና የት ልትሆን ነው?»

ጣታቸውን በሰማያዊው መስመር ላይ ቀስ ብለው እየነዱ ወረዱና አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። ልክ ነበሩ። «እዚህ» አሉ።

«ምን አለ እዚያ?»

«አረንጓዴ ነው።»

«ቤትስ? ላይኛው መንደር ላይ ቀያይ ነጥቦች አሉ አይደል? ሰባ አራት ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ቤት ነው። በእርስዎ በኩል ስንት አለ?»

ከኪሳቸው መነጽር አወጡ። ረጅም ጊዜ አዩ። «አንድም የለም» አሉ በመጨረሻ።

«ጥግ ላይ አረንጓዴው ምን ማለት እንደሆነ ተጽፏል። ላንብብልዎት፤ ሰው የማይኖርበት ደን።»

ጋሽ ሰብሃት ተቆጡ። ሲቆጡ አማርኛቸው ውስጥ የአካባቢያችን ቋንቋ ካፍኖኖ ይገባል። አባታቸው የተቀበሩበትን፣ ሰባት ልጅ ያሳደጉበትን፣ ቡናቸውን የለቀሙበትን አገር ማን ደን ብቻ ነው እንዳለው ጠየቁኝ።

«እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎት» አልኩ። «ይሄ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ የተሠራ ነው። ከሰማይ ሲያዩት የላይኛው መንደር ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። የእናንተ ቤት ግን በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ነው፤ ፎቶው ቅጠል ብቻ ነው የሚያየው። ይሄን ስለሚያውቁ ነው በእግር ዞሮ የሚያጣራ ሰው የሚልኩት። አምና መጥተው ነበር። አላያችኋቸውም?»

ፊታቸውን ወደ ደጁ አዞሩ። ውጪ አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ።

«ጋሼ፣ መጥተው አልነበረም?»

«ሁለት ልጆች መጥተዋል። አንዱ ወንድማገኝ ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው።»

«ታዲያ?»

«እኔ ነኝ ከመንደሩ በላይ፣ መንገዱ ላይ የተቀበልኳቸው። ጠጅ አጠጣናቸው። ከዚህ በታች ጉሬዛ እንጂ ሰው የለም አልናቸው። ሄዱ።» ደግሞም ጨመሩ፤ «ያን ቀን ማታ መንደሩ ሙሉ በልጆቹ ሲስቅ አመሸ።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። አንባቢዬ፣ ትዕግሥት ያለኝ ሰው አይደለሁም። የረሳቸው አገር እንደሆነ በሦስት ገጽ ጽፈው የመጡ ሰው ያስረሱት ራሳቸው ሆነው ሲገኙ ምን ይባላል?

«ለምን?» አልኩ።

«አንቺ አልነበርሽም። ካርታ የያዘ ሰው ከዚያ በፊትም መጥቷል። ኢንቨስተር ነኝ ብሎ፣ ነጭ መኪና ይዞ። ወረቀቱ ላይ መስመር አሰመረ። በዓመቱ የወንድሜ ቡና በመስመሩ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ወንድሜ አሁን ሰው ቤት ዘበኛ ነው። ካርታ ይዞ የመጣ ሰው መሬት ይዞ ሲሄድ ነው ያየሁት። ስለዚህ ደኑ ይሸፍነን አልን። ጥፋት ነው?»

ይህ ክርክር ክርክር ነው፤ አልናቅኩትም። እሳቸውን ያሳሳታቸው ሞኝነት አልነበረም፤ የደረሰባቸው በደል ነው። ግን የተሳሳተ በር ሲያንኳኩ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

«ያ ሰውዬ ካርታውን ለባለሥልጣን ሲያሳይ መሬቱን ምን ብሎ ጠየቀ?»

አሰቡ። «ባዶ መሬት ነው አለ። ማንም የለበትም አለ።»

«እናንተስ ለወንድማገኝ ምን አላችሁት?»

የታጠፈውን ካርታ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጋሼ፣ የወንድምዎን ቡና የወሰደው ካርታው ላይ መሆኑ አይደለም። ካርታው ላይ አለመሆኑ ነው። ቤቱ፣ ቡናው፣ የአባታችሁ መቃብር ተነጥቦ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ባዶ ነው ለማለት መንደር ሙሉ ሰው ፊት መዋሸት ነበረበት። እናንተ ግን አምና ራሳችሁ ባዶ ነው አላችሁለት። ነገ ሌላ ነጭ መኪና ቢመጣ ይሄን ወረቀት ያሳያችኋል። ቃሉም የእናንተው ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የመጡበትን ነገር ነገሩኝ። ልጃቸው ተሾመች ባለፈው ሐምሌ ምጥ ያዛት። በቃሬዛ ወንዙ ዳር አደረሷት። ጋሪና ሞልቷል። አምቡላንሱ ማዶ ቆሟል፤ ሾፌሩ ወርዶ እጁን ሲያወዛውዝ ይታያል። ከጠዋት እስከ ማታ ውኃው እስኪጎድል ጠበቁ። ልጁ እዚያው ሣር ላይ ተወለደ፤ አላለቀሰም።

«አሁን ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት» አሉ። «ሰኔ ላይ ትደርሳለች። ሰኔ ደግሞ ወንዙ የሚነሳበት ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያጽናናቸው ነበር። እኔ ግን «ተሾመችን ወንዙ ዳር ያስቆማት ያ ጠጅ ነው» አልኳቸው።

ተነሡ። ማመልከቻቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡና በሩ ድረስ ሄዱ። ጎርፉ የደጃፉን ድንጋይ አልፎ ነበር። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ።

«ምላስሽ አያድርስ ነው» አሉ ሳይዞሩ። «ምን ይደረግ ታዲያ?»

«ይቀመጡና ቤቱን ይቁጠሩልኝ። በአባወራ ስም።»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። የወረቀቱን ነገር እኔ አውቃለሁ፣ የምድሩን ነገር ግን እሳቸው ያውቃሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምረው በእግር የሚሄዱ ይመስል ወረዱ። ከትልቁ ዋርካ በስተግራ የእገሌ፣ ምንጩን አለፍ ብሎ የእገሌ፣ ከሱ ጓሮ መበለቲቱ። አንድ ቤት አልዘለሉም። አንድ ኩርባ ላይ የፎቶው መንገድ ስህተት ነው ብለው አረሙኝ፣ ትክክል ሆኑ። ስልሳ አንድ ነጥብ አደረግኩ።

«ስልሳ አንድ» አልኩ። «እነዚያ ሰባ አራት ናቸው። አይበቃም።»

ፊታቸው ወደቀ። እኔም ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቼ ደግሜ አየሁት። መሻገሪያው አጠገብ፣ ወንዙ ዳር፣ ደኑ ትንንሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኗል።

«ይሄስ ምንድነው?»

«የቱ?» አዩት። «እሱማ የማንጆዎቹ ነው።»

«ስንት ቤት ነው?»

«ሃያም ይሆናል፣ ሠላሳም። አልቆጠርኳቸውም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«የጠየቅሽኝኮ ሰው የሚኖርበትን . . .» አሉና ንግግሩ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ማሽኑን አጠፋሁት፤ ድምፁ ያናድደኝ ጀመር። አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ማንጆ የሚባሉት ከእኛው ጋር በአንድ ደን፣ በአንድ ቋንቋ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ከሰል ያከስላሉ፣ እንጨት ይሸጣሉ። ብዙው ሰው ግን ቤታቸው አይገባም፣ ቤቱም አያስገባቸውም፤ በአንድ ዕቃ አብሮ አይበላም። ምክንያቱን ብትጠይቁ ምክንያት የለም፤ ሲደረግ የቆየ ነው። እኔም እናቴ ቤት ልጅ ሳለሁ ምግባቸውን በኮባ ቅጠል ላይ አድርጌ ከደጅ ሰጥቻለሁ። ንጹሕ ነኝ ብዬ አይደለም የምቆጣው።

«ጋሼ» አልኩ፤ «ኢንቨስተሩ እናንተን ባዶ ናችሁ አለ፣ ተቃጠላችሁ። እናንተ ደግሞ እነሱን ባዶ ናችሁ አላችሁ። ልዩነቱን ይንገሩኝ።»

«የአባቶቻችን ነው . . .»

«ተሾመችን ቃሬዛ ላይ ማን ተሸከማት?»

«መንደሩ ተሸከማት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ግን መሻገሪያውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንዱ ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ ገባ። ውኃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ሊወስደው ነበር። ማዶ ደርሶ ሐኪም ይዞ ለመመለስ ነበር ያሰበው።»

«ማን ይባላል?»

«አላውቅም።»

«ስንት ዓመት ጎረቤት ናችሁ?»

«ዕድሜ ልኬን ነዋ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕድሜ ልኬን» አሉ ደግመው፣ ለራሳቸው። ከዚያም እርሳሴን ጠየቁኝና ከጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። «ዓርብ ጠዋት ስማቸውን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ማሽኑን አሙቂ።»

ዓርብ በሁለት ሰዓት መጡ። ብቻቸውን አልነበሩም። አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ እጁ በከሰል የጠቆረ ሰው ከኋላቸው ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ግባ አብዮት» አሉት ጋሽ ሰብሃት። «ገመዱን ያሰረው እሱ ነው።»

በእርሳስ የተጻፈው ዝርዝር ሃያ ሰባት አባወራ ነበር። ነጥቦቹን ሳስቀምጥ አብዮት ጎንበስ ብሎ አየና ጣቱን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ፣ «ድልድዩን እዚህ ካደረጉት ዳርቻው ይናዳል» አለ። «ከትልቁ ድንጋይ በላይ ነው መሬቱ የሚይዘው። በየክረምቱ እናየዋለን።» ይህንንም ጻፍኩ።

ሲጨርስ ጋሽ ሰብሃትን ጠየቅኳቸው። «ስማቸውን በር ላይ ቆመው ነው የመዘገቡት?»

«መጀመሪያ በር ላይ ነበር» አሉ። «አምስተኛው ቤት ላይ ሴትዮዋ ‹ስሜን የሚፈልግ ሰው ገብቶ ይቀመጥ› አለችኝ። ገባሁ። ያቀረበችልኝንም በላሁ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት።»

ሰማንያ ስምንት ነጥብ ያለበትን ካርታና ዝርዝሩን ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት አስገባን። ወንድማገኝ ራሱ በእግሩ ወርዶ ቤቶቹን አንድ በአንድ አጣራ፤ በዚህ ጊዜ ጠጅ አልቀረበለትም። ሸካና አሸነፈች፤ ጥር ላይ የድልድዩ ገመድና ብረት መጣ፤ ከትልቁ ድንጋይ በላይ፣ አብዮት ባለው ቦታ ተተከለ። የካርታ ጥቅሙ ምንድነው ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። ሰኔ ላይ ተሾመች በድልድዩ ተሻግራ ዋጫ ጤና ጣቢያ ወለደች፤ ሴት ልጅ ናት፣ ጩኸቷ ግቢውን ያስቸግራል። የወንዙ ዳር ልጆች ማዶ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሚያዝያ ላይ መሬት የሚጠይቅ አንድ ሰው መጥቶ ነበር፤ ካርታውን አሳዩት፣ ተመልሶ ሄደ። የላይኛው መንደር ሰዎች ተቆጥተዋል፤ ደግ አደረጉ፣ እነሱም ለሚመጣው ዓመት የራሳቸውን ቤት በስም ይዘርዝሩ። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል አልልም። የሸካና ሰው ግማሹ ዛሬም የማንጆ ቤት አይገባም። ግን ማንም አሁን ተነሥቶ «የሉም» ማለት አይችልም፤ እኔ ያተምኩት ወረቀት አለ።

ሐምሌ ላይ የቢሮ ሰው አዲሱን ካርታ ለማረም አመጣ። ጋሽ ሰብሃትና አብዮት የተሾመችን ልጅ የክትባት ካርድ ለማስቀዳት እኔ ጋ ተቀምጠው ነበር። ባለሙያው የወንዙ ዳር ነጥቦች ላይ ጣቱን አደረገ።

«ይሄ ሠፈር ስም የለውም» አለ። «ምን ብለን እንጻፍ?»

ጋሽ ሰብሃት አፋቸውን ከፈቱ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚጠራበትን፣ እኔም የማውቀውን ስድብ የመሰለ ስም ሊናገሩ እንደሆነ ገባኝ። ዘጉት። ወንበራቸውን ገፋ አድርገው ወደ አብዮት ዞሩ።

«እነሱ የሚጠሩትን እሱ ይንገርህ» አሉ።

አብዮት ነገረን። ፊደሉን አንድ በአንድ እያስደገምኩት ጻፍኩት።