ጎኑ በቁልፍ የሚዘጋ ሱሪ

ዛሬ የምንሸኛቸው ወይዘሮ ኡርጌ ደበሳ ከአባታቸው ከአቶ ደበሳ ኦልጅራ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገለኔ በ1953 ዓ.ም. በቡሬ ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ መቱ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው ልብስ ስፌት ለመዱ፤ ሲመለሱም በእግር የምትረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና ይዘው ገበያው ዳር ሥራ ጀመሩ። ከመምህር ኢቲቻ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሴት ልጃቸውን በምነትንና ወንድ ልጃቸውን ቀነዓን አፍርተዋል፤ ሁለቱንም በመምህሩ ደመወዝና በዚያች መኪና ገቢ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት ከመቱ ሲመለሱ የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተገልብጦ ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ። ወጌሻ አሰራቸው፤ ቀጥሎም ጀሶ ተደረገላቸው። አጥንቱ ግን አልገጥም ብሎ ቁስሉም እያመረቀዘ ሁለት ዓመት በክራንች ቆዩ፤ የስፌት መኪናዋም ጨርቅ ለብሳ ጥግ ተቀመጠች። ለሕክምና ወደ ጅማ ሲሄዱ ብዙ ሰው የተሰናበታቸው እግራቸው ተቆርጦ የሚመለሱ መስሎት ነበር። እርሳቸውም ሐኪሙን፣ «ዶክተር፣ እግሬን እዚህ ጥዬ ብሄድ መኪናዬን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ማለታቸውን መምህር ኢቲቻ እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሱታል። ሐኪሙ የሞተውን አጥንት ጠርጎ፣ ከዳሌያቸው አጥንት ወስዶ ክፍተቱን ሞላው፤ እግራቸውንም በብረት ቀለበቶች ከቦ ቀለበቶቹን በቀጫጭን ሽቦዎች ከአጥንቱ ጋር አያያዘ።

በሆስፒታሉ እንደ እርሳቸው ብረት የታሰሩ ወንዶች፣ ሱሪ በብረቱ ላይ አላልፍ ስለሚላቸው በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይውሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ፣ ከኖፓ የመጣው ነጋዴ ሰማን፣ «አዴ ኡርጌ፣ እንዲህ ሆኜ እንዴት ጁምዓ እሄዳለሁ?» ቢላቸው፣ «የተሰበረው እግርህ ነው እንጂ ሱሪህ ደኅና ነው፤ ወዲህ በለው» ብለው፣ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ተርትረው፣ ጨርቅ ቀጥለው ቁልፍ ደረደሩበት። ከዚያ ወዲያ አልጋቸው ስፌት ቤት ሆነ።

ከዓመት ገደማ በኋላ ብረቱ ሲወልቅ አጥንቱ ገጥሞ ተገኘ። እግራቸው ጥቂት አጥሮ ስለነበር መምህር ኢቲቻ በመኪናዋ መርገጫ ላይ ጣውላ ቸነከሩላቸው፤ ድምፅዋ ዳግም በተሰማ ቀን ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። ከዚያም በኋላ በአካባቢው እግሩ ላይ ብረት የታሰረለት ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ብረቱ የወለቀለት ሱሪውን መልሶ ሲያመጣ ቁልፎቹን ነቅለው ጎኑን በስፌት ይዘጉለት ነበር፤ ቁልፎቹም ለሚቀጥለው ሰው በጣሳ ይቀመጣሉ።

ወይዘሮ ኡርጌ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው፣ በ2017 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ዛሬ በእግራቸው ቆመው የሚሸኟቸውን ብዙ ወዳጆች ትተው አልፈዋል። ከኡካ በክራንች የመጡት አቶ ዶሪ ብረታቸው ገና አልወለቀም፤ ቀኑ ሲደርስ የሱሪያቸውን ጎን እንድትዘጋላቸው ወይዘሮ ኡርጌ ለልጃቸው ለበምነት አደራ ብለዋል፤ እርሷም የቁልፎቹን ጣሳ ተረክባለች።

ያን እግር ዳግም ያቆመላቸው እግዚአብሔር፣ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት በመንግሥቱ ያሳርፍልን።