ስም ያልወጣለት ምልክት

ዓርብ ቀትር ላይ ዝናቡ ድንገት ስለወረደ፣ ከጥብቅና ቢሮዎቹ ጀርባ ያለው የምግብ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ወይዘሮ ሲቫካሚ የዓሣ ሾርባቸውን በትሪ ይዘው ወደ ጠረጴዛቸው ሲመለሱ፣ ሁለት አገር ጎብኚዎች ቦታቸውን ይዘውት አገኙ። እሳቸው ሰልፍ ከመግባታቸው በፊት ወንበሩ ላይ አንድ እሽግ ሶፍት ትተው ነበር። ሶፍት የተቀመጠበት ወንበር ባለቤት እንዳለው በሲንጋፖር ሕፃን እንኳ ያውቃል። እንግዶቹ ግን እሽጉን ከፍተው አፋቸውን እየጠረጉበት ነው።

"ማዳም፣ እዚህ ጋ ቦታ አለ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

ዘወር ሲሉ ጁን ሃው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በወደዱ። ጁን ሃው እሳቸው ጠበቃ ሆነው የሚሠሩበት ቢሮ የክርክር ሰነዶችን የሚያጣራበትን አሮጌ ፕሮግራም በአዲስ እንዲተካ የተቀጠረ ወጣት ነው፤ ለሥልጠና ደጋግሞ ጠርቷቸው ደጋግመው ቀርተዋል። ሾርባው ግን ትኩስ፣ ትሪውም ከባድ ነውና ተቀመጡ።

"አመሰግናለሁ። ስለዚያ ማሽንህ አንድ ቃል ብትተነፍስ ግን ቆሜ እበላለሁ።"

"እሺ ማዳም። ስለ ዝናቡ እናውራ?"

"አሽሟጣጭ!" አሉ፤ ፈገግ ግን አላሉም። ቀኑ ፈገግ የሚያሰኝ አልነበረም። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የደንበኛቸው የሽማግሌው ኦንግ ሰነዶች ለባላጋራው ጠበቆች መድረስ አለባቸው። ኦንግ ከአባታቸው የወረሱት የመርከብ መጠገኛ አላቸው፤ ክርክሩን ከተረቱ መጠገኛው ይሸጣል። ሕጉ እያንዳንዱ ተከራካሪ ጉዳዩን የሚነካውን ሰነድ ለሌላው እንዲያሳይ ያዛል፤ ደንበኛ ከጠበቃው ጋር የተማከረው ግን ምስጢር ነው። ያንን ከዚህ መለየት የወይዘሮ ሲቫካሚ የዕድሜ ልክ ሙያ ነው።

የማሽኑን ነገር ያነሡት ግን እሳቸው ራሳቸው ነበሩ።

"ለመሆኑ አሮጌው ምን በደላችሁ?"

"ያነሱት እርስዎ ነዎት፤ ይመዝገብልኝ።"

"ተመዝግቧል። መልስ!"

"የሠራው ኩባንያ ጥገናውን አቁሟል። እየደጋገመ ቀጥ ሲል እርስዎም አይተዋል። የሚያፈስ ጣሪያ ነው፤ እስኪወድቅ እንጠብቀው?"

"ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲው የት እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ያንተ አዲስ ቤት ግን በሩ እንኳ የት እንደሆነ አይታወቅም። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።"

"ሰይጣኑ እኮ ጡረታ ወጣ፣ ማዳም።"

ወይዘሮ ሲቫካሚ አዲስ ነገርን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። የሚጠሉት ሳይጠየቁ የሚደረግን ለውጥ ነበር፤ ይህንንም ጥላቻ ለራሳቸው "ጥንቃቄ" ይሉታል። ብዙ አዋቂ ሰው እንዲህ ነው፤ ክብሩ ሲነካ ምክንያቱን ከሙያው ይበደራል።

"ስማ ልጄ" አሉ ማንኪያቸውን እያወዛወዙ። "አንድ ኢሜይል ላዩን ስታየው የንግድ ወሬ ነው፤ የብረት ዋጋ፣ የቀለም ዋጋ። ወደ ታች ስትወርድ ከሥሩ የእኔ ምክር ተጣብቆ ይመጣል። ማሽን ይህን ያሸታል? እኔ እንዲህ ያለው ላይ ሐምራዊ ምልክት አደርግበታለሁ። ደግሜ ሳላየው ከቢሮ አይወጣም።"

ጁን ሃው ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ሐምራዊ?"

"አዎ ሐምራዊ። ምን ሆንክ? አጥንት ዋጥክ?"

"ማዳም፣ ቀዩ ምልክት 'ምስጢር' የሚል ስም ነበረው። አረንጓዴው 'ይሰጥ' ይላል። ሐምራዊው ምንም ስም የለውም። ብናጠያይቅ የሚያውቀው ጠፋ። በስሕተት የተነካ መስሎን አላሻገርነውም።"

"አላሻገርነውም ማለት?"

"አዲሱ ውስጥ እነዚያ ሰነዶች ምልክት የላቸውም። 'ምስጢር' ያልተባለ ደግሞ ከሚሰጠው ጋር አብሮ ይሄዳል።"

ወይዘሮ ሲቫካሚ ለኦንግ ጽፈው ሐምራዊ ያደረጉበትን አንዱን ደብዳቤ አሰቡ። ኦንግ ለዕርቅ ቢቀመጡ እስከ የት ድረስ እንደሚለቁ፣ ጉዳያቸውም የቱ ላይ እንደሚሳሳ በግልጽ የተጻፈበት ነው። ባላጋራው ያንን ካነበበ ክርክሩ ሳይጀመር አለቀ።

"ያጠያየቅኸው ማንን ነው?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የኮምፒዩተር ክፍሉን ሰዎች።"

"ምልክቱን የማደርገው እኔ! የሚጠየቁት እነሱ!"

"ሥልጠናው ላይ ቢገኙ ኖሮ..."

"የእኔ ቢሮ ከሥልጠናው ክፍል በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው! እጅህ ማንኳኳት ያቅተዋል?"

ሾርባው እንደተቀዳ ቀረ። በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ግማሽ ግማሽ እየረጠቡ ወደ ቢሮ ተመለሱ።

ወጣቷ ጠበቃ አይና ከኮምፒዩተሯ ቀና ብላ በደስታ ተቀበለቻቸው። "ማዳም፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። ጊዜ ሳይሞላ ልላከው አይደል?"

"እጅሽን ከዚያ አንሺ!" አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

"አሮጌው ይከፈት!" አሉ ወይዘሮ ሲቫካሚ እርጥቡን ጃንጥላ ሳያስቀምጡ። "ሁሉም ይታተም። ወለል ላይ ዘርግተን በዓይናችን እናየዋለን።"

"ማዳም፣ ማተሚያው ሩቡን ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆነው" አለ ጁን ሃው።

"ያፈሰሰው ማን ሆነና?"

"እኔ ነኝ" አለ ጁን ሃው። "ስለዚህ ልልቀም። እርስዎ ግን አጠገቤ ይቀመጡ፤ ያለ እርስዎ የምለቅመውን አላውቅም።"

'ያለ እርስዎ' የሚለውን ቃል ወይዘሮ ሲቫካሚ በዚያ ቢሮ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር በተያያዘ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ወንበር ሳቡ።

ጁን ሃው ከአሮጌው ውስጥ ሐምራዊዎቹን ለይቶ አዲሱ ላይ ፈለጋቸው። "አሁን ስም ያውጡለት" አለ።

"'ሲቫካሚ ሳታየው አይሰጥ' በለው።"

"ረዘመ።"

"አጭር ነገር ብወድ ጠበቃ እሆን ነበር?"

አይና ሳቋን በእጇ አፈነች። ከዚያ ግን ማንም አልሳቀም። አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ እሳቸው እያነበቡ፣ እሱ እየለየ ሄዱ። ያ የተፈራው ደብዳቤ ሲገኝ ወይዘሮ ሲቫካሚ በረጅሙ ተነፈሱ።

"ይኸው። በል ጨርስ።"

"ትንሽ ይታገሱኝ። አዲሱ ፕሮግራም ቃላቸው የሚመሳሰሉትን ባንድ ላይ ይሰበስባል። የዚህን መሰሎች ልይ።"

መሰሎቹ ወጡ። አብዛኞቹ ሐምራዊ ነበሩ። አንዱ ግን የኦንግ ልጅ መጠገኛውን አብሮት ለሚመራው ለእህቱ ባል ያስተላለፈው ነው። ርዕሱ "የዘመን መለወጫ እራት" ይላል፤ ከላይ ስለ ዓሣውና ስለ ወንበሩ ብዛት ያወራል፤ ከሥሩ ያ ደብዳቤ አንድም ቃል ሳይጎድል ተለጥፏል። ምልክቱ አረንጓዴ ነው፤ "ይሰጥ"።

"ማን ነው ይህን አረንጓዴ ያደረገው?" ብለው ጮኹ። "አይና?"

አይና አንገቷን በአሉታ ነቀነቀች። ጁን ሃው ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሣም።

"ተናገር እንጂ! ስሙ ይታይ የለም?"

"ይታያል። እርስዎ ነዎት፣ ማዳም። ባለፈው ዓመት፣ በአሮጌው ላይ።"

ከመስኮቱ ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ወይዘሮ ሲቫካሚ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ ያዩት ግን አልተለወጠም። አሮጌው ፕሮግራም ባይነካ ኖሮ፣ ሐምራዊዎቹ ሁሉ በቦታቸው ቢቀመጡ ኖሮ፣ ይህ አንዱ ዛሬ በእሳቸው በራሳቸው እጅ ይወጣ ነበር።

"እራት ይላል" አሉ ቀስ ብለው። "ርዕሱን አይቼ አለፍኩት።"

"ማንም ሰው ቢሆን..."

"አታባብለኝ። ቀይ አድርገው።" ወንበራቸውን ወደ እሱ አዞሩና፣ "ደጋግመህ ጠርተኸኝ ቀርቻለሁ" አሉ።

"እኔም አጥፍቻለሁ፣ ማዳም። የጠራሁዎት እንዲሰሙኝ ነበር፤ እንዲነግሩኝ አልጠራሁዎትም።"

ሰነዱ ሰዓቱ ሳያልፍ ተላከ። አይና "ደርሷል" ስትል ወይዘሮ ሲቫካሚ ያልበሉት ሾርባ ትዝ አላቸው፤ ሦስቱም እንደገና በዚያው ጃንጥላ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት የቢሮው ባለቤቶች የሆኑት ሽርካዎች ሲሰበሰቡ፣ ለውጡን ያዘገየዋል ተብሎ የተፈራው ሰው ተነሥቶ ተናገረ።

"ማሽን አሁንም አልወድም" አሉ ወይዘሮ ሲቫካሚ። "ዓይኔን ግን ከማሽኑ የበለጠ ማመኔ ሽማግሌውን ኦንግን የአባታቸውን መጠገኛ ሊያሳጣ ነበር። ይህ ነገር የተበተኑትን ቅጂዎች ይሰበስባል፤ ደንበኛችን አንዱን ደብዳቤ አሥር ጊዜ ላነበብንበት አይከፍልም። ምልክቱ ስም ካለው እኔ ብታመም አይና ትቀጥላለች፤ እኔ ብሞትም ሐምራዊው ከእኔ ጋር አይቀበርም። ግን እናንተም ስሙ። ይህ ክርክር እስኪዘጋ አሮጌው አይጣል፤ ለማመሳከሪያ ይቀመጥ። ዕቃችንን ከማንሣታችሁም በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። በተለይ የሚነጫነጨውን አስቀድሙ። የሚነጫነጭ ሰው እናንተ ያላያችሁት ነገር ያያል፤ እኔን ጠይቁኝ።"

"ለሥልጠናው ይመጣሉ ማለት ነው?" አለ አንዱ ሽርካ እየተሳለቀ።

"አንተ ለራስህ ቦታ ብታገኝ ጥሩ ነው።"

ከሰዓት በኋላ የሥልጠናው ክፍል ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ረድፍ መካከለኛ ወንበር ላይ አንድ እሽግ ሶፍት ተቀምጧል። ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ተቀጣሪ ሊያነሣው እጁን ዘረጋና ተወው። እሽጉ ላይ በብዕር፣ በጉልህ ፊደል፣ "የሲቫካሚ ቦታ" ተብሎ ተጽፎበታል።