የሳምቡሳው ትሪ

በስደት በምንኖርበት ከተማ ትራንስቫል ከሚባለው ሰፈር የተሳፈሩት ሁለት ሴቶች ትራሙ ውስጥ ከፊቴ ተቀመጡ፤ በዕድሜ የገፉት በጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ታቅፈዋል።

«እትዬ ዘሐራ፣ ይሄ ሁሉ ሳምቡሳ ለማን ነው?» አለቻቸው ወጣቷ።

«ለስብሰባው ነዋ። የየመን ሴቶች ስለ አገራቸው ሰላም ሊመክሩ ነው፣ ነይ አሉኝ።»

«የጠሩዎት እኮ እንዲናገሩ ነው። ስምዎ ወረቀቱ ላይ አለ።»

«ምን ብዬ? ሰነዓ ሃያ ዓመት ሰው ቤት ሠራሁ እንጂ ምን አውቃለሁ?»

«እዚያ ሳሉ የተጣሉ ጎረቤቶች ያስታርቁ አልነበር?»

«እሱማ ሴቶቹን ጓዳ ውስጥ አግባባ ነበር። ከዚያ ወንዶቹ ሳሎን ተቀምጠው እኛ አስታረቅን ይሉ ነበር።»

«ይህንኑ ይንገሯቸዋ!»

«በአማርኛ እንኳ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም፣ ጭራሽ በዓረብኛ?»

«ታዲያ ትሪው ምን ይሠራል?»

«ቃል ከጠፋኝ ብድግ ብዬ አድላለሁ። ባዶ እጄን ሄጄ ቢጨንቀኝ የት እገባለሁ?»

«እንግዲያው ለእኔ ይስጡኝ።»

«ምን ልታደርጊው?»

«እኔ አድላለሁ። እርስዎ ንግግርዎን ሳይጨርሱ ንቅንቅ አይሉም።»

እነሱ ከወረዱ በኋላ፣ እንድናገር ለተጠየቅሁበት የእሁዱ የማኅበራችን ስብሰባ «ምሳውን እኔ ሠርቼ አመጣለሁ» ብዬ ጽፌ ያልላክሁትን መልእክት አጠፋሁት።