ከቀዩ ምልክት በታች

ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ነጎድጓድ» የሚሏቸው የድምፅ ባለሙያ ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በድምፅ ሲቀርጹ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ቅጽል ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም፤ የቀረጹት ሁሉ ጆሮ ይበሳል። አንድ ጠዋት ገመድ ሊገዙ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ጎራ ሲሉ፣ የድምፅ ምሕንድስና ተምራ ከተመለሰችው ከጎረቤታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ።

«እናትሽ ደህና ናቸው ልጄ? መጽሐፎቼን ይሰማሉ?»

ልጅቷ አንገቷን ሰበር አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎ ወይስ ደስ የሚልዎን?»

«እውነቱን እንጂ!»

«መስማት ትታለች፣ ጋሼ። ተራኪዋ የቁጣ ቦታ ሲያነቡ ድምፁ ይሰነጠቃል። እማዬም ‹የታወረው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልደነቆረ፤ ለምን ይጮኹብኛል?› ብላ ትዘጋዋለች።»

ጋሽ ነጎድጓድን ንዴትና ኀፍረት ባንድነት ያዟቸው። «ድምፅ ካልጎላ ማን ይሰማዋል? ጌይኑን ከፍ አድርጌ እቀርጻለሁ፤ የተበላሸውን ኋላ በሶፍትዌሩ አቃናለሁ።»

«ያረረ ሽንኩርት ውኃ ቢጨምሩበት ማረሩ ይለቀዋል? ጌይን ከማይኩ የሚመጣው ድምፅ ወደ መቅረጫው የሚገባበት መጠን ነው። ከልኩ ሲያልፍ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠውን መልሶ የሚቀጥል የለም።»

«ትናንት የተማርሽው ልታርሚኝ!»

«እኔን አይመኑ፤ ጆሮዎን ይመኑ።»

ሰው ሙያውን ሲነኩበት ያመዋል። ብልህ ግን ቁስሉን ሸፍኖ አያመረቅዝም። ሽማግሌውም ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው፣ «እንግዲያው ነይና አሳዪኝ» አሉ።

በመቅረጫው ክፍል ተራኪዋ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ፣ ማይኩ ፊት ተቀምጠው ነበር። ወጣቷ በጣም የሚቆጡበትን አንቀጽ እንዲያነቡ ለመነቻቸው። ነርሷ ሲጮኹ ድምፁ ከልኩ ማለፉን የሚያሳየው ቀይ ምልክት በስክሪኑ ላይ ቦግ አለ። ትልቁ ቁጣቸው ከቀዩ በታች እስኪውል ድረስ ጌይኑን ቀነሰች። ቀጥላ ወፍራም ድምፆችን የሚያስቀረውን ማጣሪያ ከፈተችና ከጎዳና የሚገባውን የአውቶቡስ ጉርምርምታ ቆረጠችው።

ጋሽ ነጎድጓድ ማዳመጫውን አጥልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ቆይ! አውቶቡሱን ስታባርሪ የሴትዮዋንም የደረት ድምፅ አብረሽ አባረርሽው። ትንኝ መሰሉ እኮ!»

ወጣቷ ደግማ ሰማችና ሳቀች። «እውነትዎን ነው፤ የማጣሪያውን ቁጥር እንደ ተማርኩት ነው ያስቀመጥኩት።»

«በይ ለእኔ ተይው» ብለው ማጣሪያውን ጥቂት በጥቂት ወደ ታች መለሱት። የነርሷ ወፍራም ድምፅ ተመለሰ፤ አውቶቡሱ ግን በዚያው ቀረ።

«ግን ድምፁ አላነሰም?» አሉ፣ ጥርጣሬው ገና አልለቀቃቸውም።

«ንጹሕ ድምፅ ኋላ ቢያጎሉት አይጎዳም» ብላ ከፍ አደረገችው። የነርሷ ቁጣ ሳይሰነጠቅ ክፍሉን ሞላው።

«አይ የእኔ ነገር! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ላይ ስጮህ ኖሬያለሁ!» ብለው ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ፤ ነርሷም አብረው ሳቁ።

ያን ምዕራፍ እንደ አዲስ ቀረጹት። የልጅቷ እናት እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ቀጣዩስ የታለ?» ብለው ላኩባቸው። ከዚያ ወዲህ ነርሷ በሶፍትዌሩ አልቃና ያለውን ገጽ ሦስት ጊዜ ከማንበብ ዳኑ፤ ቀን ሙሉ ይፈጅ የነበረው እርማት በአንድ ሰዓት ያልቃል፤ ጆሯቸውን ይዘው የሸሹ አድማጮችም አንድ በአንድ ተመለሱ። ትምህርት ብቻውን ቁጥር፣ ልምድም ብቻውን ግትርነት እንደሚሆን ጋሽ ነጎድጓድ ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ይናገራሉ።

በአንድ እሑድ ረፋድ ደግሞ የጎረቤታቸውን በር አንኳኩ። ልጅቷ ስትከፍት ብዕርና ደብተር ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ሌላስ ምን ተማርሽ?»