ደላላው የማያልፍበት መንገድ

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይዋ ለስለስ ብላ ሰፈሩን ሁሉ ሸለብ በሚያደርገው ሰዓት፣ ባለቁልፉ ወደ አንድ ባዶ ቤት እያዘገመ ነበር። ባለቁልፉ የተባለው ከወገቡ በማይለየው የቁልፍ ዘለላ ምክንያት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤት ሲያሻሽጥ የኖረ ሰው ነው፤ ሥራውን ሲጠይቁት ግን «ንግድ ነገር ነው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ደላላ የምትለዋን ቃል ከአፉ የሰማ የለም።

ወደ ቤቱ በቀጥታ የሚያደርስ መንገድ ነበረ። እሱ ግን ሁለት ቅያስ ዞሮ መጣ፤ በቀጥታው መንገድ ላይ አረንጓዴ በር ያለው ቤት አለና። ያንን ቤት ከስድስት ዓመት በፊት ለአንዲት ነርስ ያሻሻጠው እሱ ነው። የጓሮውን የዝናብ ውሃ የሚያወጣ አሮጌ ቱቦ ከወለሉ ስር የት ጋ እንደተቀበረና እንደሚያፈስ ሻጩ ሹክ ብሎት ነበር፤ እሱም ወሬዋን ዋጥ አደረጋት። ይኸው ክረምት በመጣ ቁጥር ነርሷ ወለሏን ታስቆፍራለች፣ ቱቦው ግን አይገኝም። አንድ ጊዜ ሳያስበው በዚያ ሲያልፍ ከበሩ ፊት የተቆለለውን አፈር አይቷል። ከዚያ ወዲህ ይዞራል። እንዲህ የሚዞራቸው ቤቶች እየበዙ ስለሄዱ አሁን አሁን ወደ ገበያ መሄድ እንኳ ረጅም ጉዞ ሆኖበታል። እሱ ግን ጥፋቱን በጉልበቱ ሕመም ያሳብባል።

ቁልፉን ሊያስገባ ሲል በሩን ገርበብ ብሎ አገኘው። ገባ። በመኝታ ቤቱ ባዶ ወለል ላይ አንዲት ወጣት ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። የሟች ወንድሙ ልጅ ናት! ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ሲደውል ያጣት። በመስኮቱ የገባው ብርሃን እግሯ ድረስ ደርሷል፤ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ በቀስታ ይንሳፈፋል። እሷም ቤቱም አብረው የሚያልሙ ይመስሉ ነበር።

«አንቺ! ተኝተሽ ነው?»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፤ ቤቱን እያዳመጥኩት ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ባለቁልፉም ሳይወድ በግዱ አዳመጠ። ከሩቅ የልጆች ሳቅ ይሰማል፤ ከላይ እርግቦች አሸንዳው ላይ ይረማመዳሉ፤ የቀረው ዝምታ ነው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ባዶ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ ቆሞ አያውቅም ነበር። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አናደደው። ዞር ሲል ደግሞ የባሰውን አየ። ትናንት ላቡ ጠብ እስኪል ገፍቶ እርጥቡ ግድግዳ ላይ ያስጠጋው ቁምሳጥን ወደ መካከል ተስቦ ቆሟል። ከጣሪያው ጥግ የወረደው ጥቁር እርጥበት ገሃድ ወጥቷል።

«ይህን ቁምሳጥን ማን አባቱ ነካው?»

«እኔ ነኝ፤ ባለቤቲቱ ለእኔም ቁልፍ ሰጥተውኛል።»

«ወሽመጤን ቆረጥሽው! እናትሽ እኮ እሁድ ዕለት አስጠርታ አልቅሳብኛለች። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማረችሽ የቢሮ ወንበርሽን ጥለሽ በሰው ግቢ እንድትንከራተቺ ነው? ‹ያንተ ሥራ ነው ያማለላት፤ አንተው መልስልኝ› አለችኝ። ምን አፍ አለኝ?»

«ጋሼ፣ ለእኔ ከአባቴ ሞት በኋላ ደብተር የገዛልኝ ይኸው ሥራ አይደለም እንዴ? ለምን ያፍሩበታል?»

«ስለማውቀው!» አለ፤ ቃሉ ካመለጠው በኋላም ራሱ ደነገጠ። «ስሚኝ የኔ ልጅ። እዚህ ሥራ ውስጥ የዋህ ሰው ውሎ አያድርም። ከጀርባ ያለው ብየዳ ቤት ሲዘጋ ጠብቀሽ ነው ቤት የምታሳዪው። እርጥቡን በቁምሳጥን፣ ስንጥቁን በመጋረጃ ትሸፍኛለሽ። ከተሸጠ በኋላ ደግሞ በዚያ ሰፈር ድርሽ አትይም። ይህን ትችያለሽ?»

«አልችልም። ስለማልችልም በሌላ መንገድ ጀምሬዋለሁ» ብላ ደብተሯን ዘረጋችለት።

ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ አለው። ፀሐይ በየትኛው መስኮት ስንት ሰዓት እንደምትገባ፣ ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚጠፋ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚሠራ፣ ሁሉም ተጽፏል። ባለቁልፉ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ።

«መጀመሪያ ብቻዬን አንድ ሰዓት እቀመጥበታለሁ» አለች። «ያገኘሁትን እንከን ለባለቤቱ እነግረዋለሁ፤ የሚጠገነውን ቀድሞ ይጠግናል። ለገዢው ደግሞ ከበሩ ሳይገባ እነግረዋለሁ።»

«ከበሩ ሳይገባ! ታዲያ ለምን ይገባል?»

«ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይዋ የምነግረውን ስለሚያምነኝ።»

ባለቁልፉ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ባዶው ቤት ውስጥ አስተጋብቶ ተመለሰበት።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ስንት ቤት አሻሽጠዋል?»

«ከራስ ፀጉሬ ይበዛል።»

«እሱ እንኳ ብዙም አልቀረም» አለች መላጣውን ሰረቅ አድርጋ እያየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከእነዚያ ቤቶች በስንቱ ተመልሰው ገብተው ውሃ ጠጥተዋል?» ብላ ጠየቀችው።

በሮቹ በሐሳቡ ተራ በተራ መጡለት፤ ሰማያዊው፣ ቡናማው፣ የቆርቆሮው፣ መጨረሻ ላይ አረንጓዴው። የሁሉም ቁልፍ አንድ ጊዜ በእጁ ነበረ፤ ዛሬ አንዱም አይከፈትለትም።

«እኔ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ነው» አለች። «አራት ቤት አሻሽጫለሁ። ሦስተኛዋን ገዢ የላከልኝ የመጀመሪያው ገዢ ነው። እርስዎ በየቀኑ አዲስ ሰው ፍለጋ ይዞራሉ፤ ለእኔ ግን የሸጥኩላቸው ሰዎች ይፈልጉልኛል። ሙያ የምለው ይህንን ነው ጋሼ፤ ዓመት በጨመረ ቁጥር የሚቀለውን።»

ነገሩ ልቡን ነክቶታል፤ የደላላ ኩራቱ ግን በዋዛ እጅ አይሰጥም። «እሺ፤ እንወራረድ» አለ። «አስር ሰዓት ላይ የእኔ ገዢ ይመጣል፣ ልብስ ሰፊ ነው። በራስሽ መንገድ አሳዪው። ጥሎ ከሄደ ሰኞ ቢሮሽ ትገቢያለሽ፤ ወንበርሽ ባዶ መሆኑን አለቃሽን ጠይቄያለሁ።»

«ካልሄደስ?»

«የፈለግሽውን።»

«እንግዲያው ካሻሻጧቸው ቤቶች አንዱን ራስዎ ይምረጡና አንኳኩተው ውሃ ይጠጣሉ።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አንድም ሳታስቀር ነገረችው፤ ግድግዳው እርጥብ መሆኑን፣ አሸንዳው መሰበሩን፣ ብየዳው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጮህ። ከዚያም ብርሃኑን አሳየችው። ሰውየው ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ራሱን ነቀነቀና ወጥቶ ሄደ።

ባለቁልፉ አሸንፏል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ልጅቷ ግን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታደርግ፣ ማሰሪያው አልቋጠር ሲላት አየ። ያ ልብስ ሰፊ እንዲመለስ በሙሉ ልቡ ተመኘ። በሕይወቱ ገዢ እንዲመለስ የተመኘው ያን ቀን ብቻ ነው።

የጓሮው በር ሲጢጥ አለ። ልብስ ሰፊው መዳፉ ዝገት ብቻ ሆኖ ገባ።

«አሸንዳው አንድ ክንድ ያህል ቢቀየር ይበቃዋል። ባለቤቲቱ ያስጠግኑልኝ እንጂ ቤቱን ወድጄዋለሁ» አለ። «አራት ቤት አይቻለሁ፤ አራቱም ምንም እንከን የለባቸውም ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም! የዚህን እንከን ግን በዓይኔ አየሁት፤ ተገላገልኩ።»

«ብየዳውስ?» አለ ባለቁልፉ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን ታዘበ።

«የእኔ የስፌት መኪና ሚስቴን ሃያ ዓመት አላስተኛትም። ለእሷ ብየዳ እሹሩሩ ነው።»

ሦስቱም ሳቁ። ልብስ ሰፊው ለእህቱም ቤት እንደሚፈልግ ነግሯት አድራሻ ካርዷን ተቀበለ። ባለቁልፉም አንድ ለምኖ አየው፤ ከስሟ ስር በደማቁ «ደላላ» ይላል።

«የተማርሽ አይደለሽ እንዴ፣ ሌላ ቃል አጣሽ?»

«ቃሉ ምን አጠፋ ጋሼ? ያቆሸሽነው እኛው፤ አጥበን የምንለብሰውም እኛው ነን።»

ከቤቱ ሲወጣ ለእናቷ ምን እንደሚላት አውቋል፤ ልጅሽ ሥራ ይዛለች፣ እኔም ከእሷ ልማር ነው ይላታል። እርጥቡን ግድግዳ ማሳየት ባለቤቲቱን ወደ ጥገና፣ ገዢውን ወደ እፎይታ፣ ልጅቷን ወደ ሌላ ገዢ ወስዷል፤ እሱንም እነሆ በቀጥታው መንገድ እያስኬደው ነው። ጉልበቱ አላመመውም። እያዘቀዘቀ ያለው ብርሃን መንገዱን አለስልሶት፣ ቁልፎቹ ወገቡ ላይ ቀስ እያሉ ይንሿሿሉ። ሄዶ ሄዶ አረንጓዴው በር ፊት ቆመ። የአፈሩ ክምር ዘንድሮም አለ። አንኳኳ።

«ማነው?» አለ የሴት ድምፅ ከውስጥ።

ንግድ ነገር የምትለዋ ቃል ከንፈሩ ድረስ መጥታ ነበር። መለሳት።

«ደላላው ነኝ» አለ። «ቱቦው የት እንዳለ ላሳይዎት መጣሁ።»