አራት ሜትር ላይ የተሰቀለው የእትዬ ሲባጎ ገመድ

ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ቤታችሁን ዘግታችሁ ለቀብሩ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሆይ፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእኅታችንን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ የመረጠው እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ነው። በኮቴ ኪስ ውስጥ ሁለት ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው አሁን የማነብላችሁ ሲሆን፣ ሁለተኛው እንድፈርምበት ከምንሠራበት መጋዘን የተሰጠኝ ነው፤ ስለ እርሱ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ፤ የተናደድሁት በእናንተ አይደለም፣ ከጥቂቶቻችሁ በቀር።

እትዬ ከብየዳ ሠራተኛ አባታቸውና ከባለ ሱቅ እናታቸው የተወለዱት የዛሬ ሃምሳ አራት ዓመት፣ ከታች የብየዳ ቤትና ሱቅ፣ ከላይ ሁለት ጠባብ ክፍሎች በነበሩት ቤት ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው፣ እናታችን አዲስ የመጣውን ሳሙና ሁልጊዜ ከፊት ስለሚደረድሩ የቆየው ከኋላ እየደረቀ ሲሰነጣጠቅ አይተው፣ አባታችን የጣሏቸውን አሮጌ ኩሽኔታዎች ለቅመው በብረት ዘንግ ላይ በመሰካት፣ መደርደሪያውንም ወደ ፊት አዘንብለው፣ ሳሙናው ከኋላ ገብቶ በተራው እየተንከባለለ ከፊት እንዲወጣ አደረጉ። የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ሳሙና ሲያነሣ የቀሩት አርባዎቹ ተከታትለው እግሩ ሥር ፈሰሱ። እናታችን «አንቺ ልጅ፣ ሱቁን አፈሰስሽብኝ!» ብለው ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲያጎነብሱ፣ አባታችን ሆዳቸውን ይዘው ከሳቁ በኋላ በመደርደሪያው አፍ ላይ ሁለት ጣት የምትሆን ላሜራ በየዱበት። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሱቅ የደረቀ ሳሙና ተሸጠልኝ ያለ ሰው የለም።

ትምህርታቸውን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ ወደ መካኒክ ትምህርት ቤት ለመግባት ማመልከቻ ሞልተው ነበር። ነገር ግን በዚያው ወር እናታችን በድንገት ስላረፉ፣ የአባታችንም ዐይን በብየዳ ብርሃን ብዛት እየደከመ ስለ ነበር፣ የሰባት ዓመቱን ታናሽ ወንድማቸውን ማብላት፣ ማጠብና ማስጠናት የእሳቸው ዕዳ ሆነ። ማመልከቻውን ትናንት ከአልጋቸው ሥር ካለው ሻንጣ ውስጥ አገኘሁት። አላስገቡትም። በጀርባው ላይ በእርሳስ የተጻፈው የእኔ የብዜት ሠንጠረዥ ነው።

በሃያ አንድ ዓመታቸው መድኃኒትና የሕፃናት ወተት በሚከማችበት መጋዘን በዕቃ አሻጊነት ተቀጠሩ። እዚያም እንደ እናታችን ሱቅ አዲሱ ከፊት፣ አሮጌው ከኋላ ሲቀመጥ አገኙና፣ የተዳፋቱን መደርደሪያ ሐሳብ በደብተር ወረቀት ላይ ስለው ለመጋዘኑ መሐንዲስ አቀረቡ። መሐንዲሱ «ይኼ እኮ የሱቅ መደርደሪያ ነው» ብለው ወረቀቱን መለሱላቸው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጊዜው ያለፈበት ወተት በካርቶን በካርቶን ወደ ግቢው ወጥቶ ሲቃጠል፣ መሐንዲሱን የሱቁ መደርደሪያ ትዝ አላቸውና እትዬ አንድ ረድፍ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ዛሬ በዚያ መጋዘን አሥራ ስድስት ረድፍ አለ። በየረድፉ ራስ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ «በተቋማችን የፈለቀ አሠራር» ተብሎ ተጽፎ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጎበኛል። እትዬ «ስሜን ካርቶኖቹ ምን ያደርጉታል?» ብለው ስቀው አለፉት። እኔ ያኔም አልሳቅሁም፣ ዛሬም አልስቅም።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። ባለቤታቸው ዕቃ የሚያነሣው መኪና፣ የፎርክሊፍት፣ ሾፌር ሳሉ፣ አንድ ቀን ወደ ኋላ ሲመለሱ የመደርደሪያ እግር ገጭተው ቢያጎብጡ፣ እትዬ ከማሸጊያው ጠረጴዛ ተነሥተው ጉብጠቱን በሜትር ለክተው፣ «ከላዩ ስንት ኪሎ እንዳለ ያውቃሉ? ከሥሩስ ማን እንደሚያልፍ ያውቃሉ?» ሲሉ በሰው ፊት አፋጠጧቸው። ሾፌሩ በኀፍረት ለሳምንት ያህል በሌላ በር ሲገቡና ሲወጡ ሰንብተው፣ በሁለተኛው ሳምንት ቁራጭ ወፍራም የብረት ቱቦ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። ከዚያ ቱቦ ሁለቱ አብረው የበየዱትን የመደርደሪያ እግር መከላከያ እስከ ዛሬ ሠራተኛው ሁሉ «የብረት ጫማ» ይለዋል። በሠርጋቸው ዕለት «ለሙሽራዋ ጫማ ሳይገዛ መደርደሪያው ተጫማ» እየተባለ ስንት እንደተሳቀ እዚህ የቆማችሁ ብዙዎች ታስታውሳላችሁ። በትዳራቸውም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል፤ ሴቷ ልጃቸው እናቷ ያልገቡበትን የመካኒክ ትምህርት ቤት በዚህ ዓመት ታጠናቅቃለች።

የዛሬ ስድስት ዓመት ዕቃ የሚያመላልሰው ተንቀሳቃሽ ቀበቶ፣ ሁላችን «መስመሩ» የምንለው፣ በመጋዘኑ ውስጥ ተተከለ። ዳር እስከ ዳር ሰው ተሰልፎ የሚሠራበት ይህ መስመር የነበረው ማጥፊያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ጫፍ ላይ ካለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ነበር። በሦስተኛው ወር አንድ ጫኝ ባልደረባችን ጣቶቹ በቀበቶውና ቀበቶውን በሚያዞረው ሮለር መካከል ሲያዙ፣ ሰው ሮጦ ማጥፊያው ጋ እስኪደርስ ሁለቱን ጣቶቹን አጣ። እትዬ በማግስቱ ከደሙ ቦታ ተነሥተው እስከ ማጥፊያው በእግራቸው ቆጠሩት። ስልሳ ሁለት እርምጃ ነው።

ስለዚህ በመስመሩ ርዝመት ሁሉ በደረት ቁመት ቀለበቶችን አስገጥመው፣ ከማጥፊያው የተነሣ ገመድ በቀለበቶቹ ውስጥ እያሳለፉ፣ ማንም ሰው በቆመበት ቦታ ሳብ ቢያደርገው መስመሩ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አደረጉ። መጀመሪያ የሞከሩት ከቱታቸው ኪስ በማይጠፋው የካርቶን ማሰሪያ ሲባጎ ነበረና፣ ሲባጎው ሦስት ጊዜ ተበጥሶ በፕላስቲክ በተሸፈነ ሽቦ ቢተካም «እትዬ ሲባጎ» የሚለው ስም ግን በዚያው ጸንቶ ቀረ። ገመዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቡት የበሩ ዘበኛ ናቸው፤ የልብስ ማስጫ መስሏቸው ዝናብ የመታውን ካፖርታቸውን ቢሰቅሉበት መጋዘኑ ጸጥ አለ፣ እሳቸውም ደንግጠው ካፖርታቸውን ጥለው ሮጡ። እንዲህ እየተሳቀበት፣ ገመዱ ለአራት ዓመት ያህል የአንድም ሰው ጣት አላስነካም።

ከዚያ በኋላ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጡ። መስመሩ በአንድ ወር ሠላሳ አንድ ጊዜ መቆሙን በሥዕል አሠርተው በግድግዳ ላይ ለጠፉ፤ ሠላሳ አንዱም ጊዜ ሰው ደኅና ወደ ቤቱ መግባቱን የሚያሳይ ሥዕል ግን አላሠሩም። «ገመዱ ሰነፍ እያበዛ ነውና ይሰቀል፣ ያለ ኃላፊ ፈቃድ ማንም አይንካው» ሲሉም አዘዙ። እትዬ ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። ለሦስቱም መልስ አልተሰጣቸውም።

ትእዛዙን እንዲፈጽም የታዘዘው የፈረቃው ኃላፊ ነው። የፈረቃው ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ሹመቴም ገና ሁለት ወሩ ነበር። ልጆች አሉኝ ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነው። መሰላል አምጥቼ አቆምሁ። የመጋዘኑ መሰላል አንድ እግሩ እንደሚወላገድና ያለ ያዥ እንደማይቆም የምታውቁ ታውቃላችሁ። እትዬ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው መጡና፣ ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ «ስቀለው ካልህ ስቀለው፤ ወድቀህ ግን እንዳትሰበርብኝ» ብለው መሰላሉን በሁለት እጃቸው ጠበቅ አድርገው ያዙልኝ። እኔም የጫማ ክር ሳስር እሳቸው ራሳቸው ባስተማሩኝ አስተሳሰር፣ የሠሩትን ገመድ አራት ሜትር ላይ አሰርሁት። እስክወርድ ድረስ መሰላሉን አልለቀቁም።

ከስምንት ወር በኋላ፣ ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷን የያዘች አንዲት አሻጊ የአንገት ልብሷ በሮለሩ ተያዘና አንገቷን ይዞ ይጎትታት ጀመር። አጠገቧ የነበሩት እትዬ እጃቸውን ወደ ለመዱት ቦታ ሰደዱ። እጃቸው ባዶውን ጨበጠ። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ፤ ከወዲያኛው ጫፍ እየሮጥሁ ነበርና። ስልሳ ሁለት እርምጃ እንደማይደርስ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ቀኝ ክንዳቸውን በቀበቶውና በሮለሩ መካከል አስገብተው ጨርቁን ለቀቅ አደረጉላት። ልጅቱ ዛሬ በሕይወት እዚህ ቆማለች። አንቺ ልጅ፣ ቀና በዪ፤ አንገትሽን የምትደፊው አንቺ አይደለሽም።

ክንዳቸው በቀዶ ሕክምና ቢቆረጥም ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደማቸው ስለገባ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን በሆስፒታል ሲታገሉ ሰንብተዋል። በአደጋው ማግስት ገመዱን ላወርድ መሰላል ይዤ ስሄድ፣ «ምርመራው እስኪያልቅ የአደጋው ቦታ አይነካም» ተባልሁ። የማይነካው ቦታ ግን አደጋው በደረሰ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታጥቦ ሥራ ጀምሮ ነበር። ዳግመኛ ፈራሁና ተመለስሁ። እትዬ ከሰመመናቸው በነቁ ቁጥር «ገመዱን አወረድኸው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ «አዎ እትዬ፣ ወርዷል» እላቸው ነበር። አምነውኝ፣ ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ ዐረፉ።

ሁለተኛው ወረቀት ይኸው። እንዲህ ይላል፦ «መስመሩ በሙሉ ርዝመቱ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ገመድ የተገጠመለት ሲሆን፣ ሟች ይህን ሳይጠቀሙ እጃቸውን ወደሚንቀሳቀስ መሣሪያ በማስገባታቸው፣ አደጋው የደረሰው በራሳቸው የጥንቃቄ ጉድለት ነው።» ከሥሩ «የፈረቃ ኃላፊ ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ገመዱ መገጠሙ እውነት ነው። የገጠሙት እሳቸው ናቸው፤ የሰቀልሁት እኔ ነኝ፤ ያሰቀሉት እርስዎ ነዎት፣ ከኋላ የአበባ ጉንጉን አስይዘው የቆሙት። በሕይወቷ ዘመን ሁሉ የሰው ጣት እንዳይቆረጥ ስትለካና ስትቆጥር የኖረችን ሴት ጥንቃቄ ጎደላት ብዬ አልፈርምም። ፊርማዬ ያለው በአንደኛው ወረቀት፣ በዚህ በማነብላችሁ የሕይወት ታሪካቸው ላይ ነው፤ ሐሰት ነው የሚል በፈለገበት ቦታ ይክሰሰኝ። ለእሳቸው የዋሸሁትን ግን እኔው እውነት ላደርገው ይገባኛል።

እኅታችን ከባለቤታቸው ጋር ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረው፣ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ዐይናቸው የማያይ ግን ይህን ሁሉ እየሰሙ ያሉ አባታቸውን፣ አንድ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ነገም በዚያው መስመር ዳር የሚቆሙ ሰማንያ አራት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ስፍራ ያኑርልን፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጆቻቸውና ለአባታችን መጽናናትን ይስጥልን።

ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ፈረቃ ከመግባቱ በፊት መሰላሉን መስመሩ ዳር አቆማለሁ። እትዬ የሉም፤ መሰላሉን የሚይዝልኝ ከመካከላችሁ ይምጣ።