በጥር የታየ መሬት

ነይ ሙንተሀ፣ አረፍ በይ። የኮሮና ኪማማሽንም ከአፍሽ አውልቂው፣ እዚህ ያለነው እኛው ነን። ማዳምሽ ፈቀደችልሽ? አልሐምዱሊላህ! የዚህ የኸይጣን ሰፈር ሙቀት መቼም… ኤሲው ይኸው ባልዲ ሙሉ ውሃ አንጠባጠበልን። ቀስ ብለን እናውራ ብቻ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የተኛች ሰው አለች። ተኝታ ከሆነ…

ውሃ ከተነሣ፣ ያቺ ደግ እህታችን ትዝ አለችኝ። ስሟ ይቅር፣ ደግ ሰው ስሙ ሲነሣ አይወድም። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ያለውን መሬት ያገኘችልን እኮ እሷ ናት። ወንድሟ በስልክ፣ በኢሞ ቪዲዮ እየዞረ አሳየን፣ በጥር። ሜዳ፣ ለምለም ሣር፣ ጠጠር የሞላው ደረቅ ቦይ። አሸዋ ላይ የከረመ ሰው ሣር ሲያሳዩት ስለ ክረምት ይጠይቃል እንዴ? እሷም አስተዋይ ናት፣ ወንዝ ምናምን እያለች አላስጨነቀችንም።

ለራሷ ምን ወሰደች መሰለሽ? ዳገቱን! ያን ሣር የማያበቅል ድንጋያም ዳገት፣ ለምለሙን ለእኛ ትታ! እንዲህ ያለች እህት ከየት ትገኛለች? ውሃ ሽቅብ አይፈስምና እናቷን ያስቀመጠችበት ቤት ዘንድሮም ደህና ነው አሉ… ደስ አለኝ።

እኔ ሜዳው ላይ ቤት ሠርቼ እናቴን አስገባኋት። አሥር ቤት የነበረው ሰፈር በሁለት ዓመት አራት መቶ ሆነ። ግራሩ ተቆርጦ አለቀ፣ ቦዩም ላይ ሳይቀር ቤት ተሠራ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወንዝን ረስተውታል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ የራሱን ወሰደ። እናቴን ጎረቤቶች ጣሪያ ላይ አውጥተው አተረፏት። አሁን ትምህርት ቤት ውስጥ ናት፣ ስልሳ ሰው በአንድ ክፍል። "ርቀታችሁን ጠብቁ" ይሏቸዋል አሉ… ትናንት በስልክ ስታስል ሰማኋት። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ ሙንተሀ። ፈርቻለሁ።

ደጓ እህታችንማ "አላህ ያመጣው ነው" ብላ አጽናናችኝ። ድምጿ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም፣ ማሻአላህ!

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ ልበል? ኤሲው ይሆናል…

እኔ ከምርቃት በቀር ምን አለኝ? አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው። ለሰው የመረጠችውን ለእሷም ይምረጥላት። እናቷንም ከዚያ ድንጋያም ዳገት አውርዶ፣ እናቴ የነበረችበት ለምለም ሜዳ ላይ ያሳርፍልኝ… ክረምቱ ሳይወጣ።

አሚን በይ እንጂ፣ ሙንተሀ። ጮክ ብለሽ።